በኦንላይን የቢሮ መሣሪያዎች ላይ ጊዜ ያተረፈላችሁ ምንድን ነው? እጃችሁ የለመደውን ብቻ ጻፉ

መስኮት_ክፍት (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ፣

"50 የኪቦርድ አቋራጮች" የሚል ዝርዝር ያላየ ያለ አይመስለኝም። እናነበዋለን፣ ሴቭ እናደርገዋለን፣ ከዚያ ተመልሶ የሚከፍተው የለም። አቋራጩ የሚያድንልን አንድ ሁለት ሰከንድ ነው። ቀናችንን የሚበላው ግን ሌላ ነው። ፋይል እንልክና "ፈቃድ ጠይቅ ይለኛል" የሚል መልስ ይመጣል። የትኛው ቅጂ የመጨረሻው እንደሆነ እንነታረካለን። ከኢሜይል ኮፒ ያደረግነውን ጽሑፍ ፎንትና ቀለም ስናስተካክል እንውላለን። ያንኑ መልእክት በየሳምንቱ እንደ አዲስ እንተይባለን።

ስለዚህ እዚህ ክር ላይ ከየትም የሰማችሁትን ሳይሆን ዛሬም የምትጠቀሙበትን ጻፉ። የትኛውን ድግግሞሽ እንዳስቀረላችሁም ንገሩን።

የኔ የመጀመሪያው የሊንክ ጉዳይ ነው። የጎግል ዶክስ ወይም የሺትስ ሊንክ መጨረሻው አካባቢ "ኤዲት" የሚል ቃል አለ። ከዚያ ቃል ጀምሮ ያለውን አጥፉና በቦታው "ኮፒ" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ተቀባዩ ሲከፍተው "የራስዎን ቅጂ ይፍጠሩ" የሚል ገጽ ብቻ ይመጣለታል። ዋናውን ፋይል አይነካውም፣ እናንተም "እባካችሁ እዚህ ላይ አትጻፉ፣ ኮፒ አድርጉ" እያላችሁ አትለምኑም። በ"ኮፒ" ፋንታ "ፕሪቪው" ብትጽፉ ደግሞ ሜኑ የሌለበት ንጹህ ገጽ ይታያል። በሁለቱም ተቀባዩ ቢያንስ የማየት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

ሌላው ትንሽ ነው ግን በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። አዲስ ፋይል ለመክፈት ድራይቭ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። የአድራሻው ሳጥን ላይ "ዶክ" ብላችሁ ነጥብ አድርጉና "ኒው" ጨምሩ፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ። ባዶ ገጽ ይከፈታል። በ"ዶክ" ቦታ "ሺት" ወይም "ስላይድ" ማለት ይቻላል። በማይክሮሶፍት በኩል ላላችሁ "ወርድ" እና "ኤክሴል" ብላችሁ ሞክሩት።

የናንተን እጠብቃለሁ።

—

ጸሐፊዋ

ጥሩ ክር ነው፣ እግዜር ይስጥህ።

እኔ ሥራዬ ከተለያየ ሰው የሚመጣ ጽሑፍ አሰባስቤ አንድ ሰነድ ማድረግ ነው። አንዱ በኢሜይል ይልካል፣ አንዱ በቴሌግራም፣ አንዱ በወርድ። ዝም ብዬ ፔስት ካደረግኩት አምስት ዓይነት ፎንት አንድ ገጽ ላይ ይገናኛል። መፍትሔው ኮንትሮል+ሺፍት+ቪ ነው። ጽሑፉን ብቻ ያመጣል፣ መልኩን እዚያው ይተወዋል። ኢሜይል ላይ፣ ዶክስ ላይ፣ በኦንላይኑ ወርድም ይሠራል። ሺትስ ላይ ደግሞ ፎርሙላውን ትቶ ዋጋውን ብቻ ይለጥፋል።

ከእሱ ጋር የማይለየኝ ዊንዶውስ+ቪ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ኮፒ ያደረጋችሁትን እስከ 25 ድረስ ይዞ ይቆያል፣ መጀመሪያ ስትጫኑት ማብሪያውን ያሳያችኋል። ከአንድ ገጽ ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ ቀን ለማምጣት ወዲያና ወዲህ መመላለስ ቀረልኝ። አራቱንም በተራ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ሌላው ገጽ ላይ እየመረጥኩ እለጥፋለሁ። ሁልጊዜ የምትፈልጉትን በፒን ብታስሩት ኮምፒውተሩ ቢጠፋም አይጠፋም። አንድ አደራ ግን አለኝ። የይለፍ ቃል ኮፒ ካደረጋችሁ እሱም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩን ከሰው ጋር የምትጋሩ ከሆነ ወዲያው ሰርዙት።

—

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ ዘዴ ሳይሆን ጥያቄ ነው ያለኝ።

በጎግል ፎርም ምላሽ እንሰበስባለን፣ ወደ ሺት ይገባል። ሲ ዓምድ ላይ ብዛት አለ፣ ዲ ላይ የአንዱ ዋጋ። ኢ ላይ የሁለቱን ብዜት የሚያወጣ ፎርሙላ ጽፌ እስከ 500ኛው ረድፍ ጎትቼ አውርጄዋለሁ። ግን አዲስ ምላሽ በመጣ ቁጥር የዚያ ረድፍ ኢ ባዶ ይሆናል። ፎርሙላው ወደ ታች ይገፋል። በየቀኑ ጠዋት እየገባሁ እንደገና እጎትታለሁ። ይሄ ነገር መላ የለውም?

—

ሰንጠረዥ_ወዳጅ

አዲስ_ገቢ፣ መላ አለው፣ ቀላልም ነው። ችግሩ ፎርሙ ምላሹን ባዶው ረድፍ ላይ አለመጻፉ ነው። አዲስ ረድፍ ይሰካል። አንተ ቀድመህ የጎተትካቸው ፎርሙላዎች ከተሰካው ረድፍ በታች ይቀራሉ።

ስለዚህ በየረድፉ መጻፍ ተው። አንድ ፎርሙላ ብቻ ኢ2 ላይ አስቀምጥ፣ ዓምዱን ሁሉ እሱ ይሙላው። እንዲህ ነው፣ ፊደሎቹን በእንግሊዝኛ ትጽፋቸዋለህ፦

=ኤሬይፎርሙላ(ሲ2:ሲ*ዲ2:ዲ)

"ሲ2:ሲ" ማለት ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ እስከ ዓምዱ መጨረሻ ማለት ነው። ነገ የሚሰካው ረድፍም እዚያ ውስጥ ስለሆነ ስሌቱ ይደርሰዋል። ኤክሴል ላይ ቢሆን ዳታውን መርጠህ ኮንትሮል+ቲ ብለህ ቴብል ታደርገዋለህ፣ አዲስ ረድፍ ሲጨመር ፎርሙላው ራሱ ይወርዳል።

እግረ መንገዴን የራሴን ልጨምር። ከሌሎች ጋር በምትሠሩበት ሺት ላይ ተራውን ፊልተር አትጠቀሙ። አንዱ "ያልተከፈሉ" ብሎ ሲያጣራ የሁሉም ስክሪን ይቀየራል። ሌላው መሃል ላይ ረድፍ ጠፋብኝ ብሎ ይጮሃል፣ ስልክ ይደዋወላሉ፣ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ዳታ ሜኑ ውስጥ "ፊልተር ቪው" የሚባል አለ። እሱ ለአንተ ብቻ ያጣራል፣ የሌላውን አይነካም። ስም ሰጥተህ ማስቀመጥም ትችላለህ። እኔ ለየሳምንቱ ሪፖርት የምፈልጋቸውን ማጣሪያዎች ስም ሰጥቻቸዋለሁ፣ ሰኞ ጠዋት መክፈት ብቻ ነው። ኦንላይኑ ኤክሴል ላይ ይሄው ነገር "ሺት ቪው" ይባላል።

—

መዝገብ_ቤት

ልጆች፣ ጥሩ ጥሩ ነገር ጽፋችኋል። እኔ ዕድሜዬን በሰነድ አያያዝ ነው ያሳለፍኩት፣ ከወረቀት ዘመን ጀምሮ። ፎርሙላ አልችልም። ግን ሰው በጣም ጊዜ የሚያባክነው በመጻፍ ሳይሆን በመፈለግ መሆኑን አይቻለሁ።

የፋይል ስም በቀን ይጀምር። መጀመሪያ ዓመቱ፣ ቀጥሎ ወሩ፣ ቀጥሎ ቀኑ። ወርና ቀን ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ ይጻፉ፣ ሦስተኛው ወር 03 ይሁን። እንዲህ ካደረጋችሁ ፋይሎቹ በስም ሲደረደሩ በራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ቀኑን አስቀድማችሁ ዓመቱን መጨረሻ ላይ ከጻፋችሁት የሦስት ዓመት ሰነድ ይደበላለቅባችኋል።

ሌላው "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2"፣ "እውነተኛው የመጨረሻ" እያሉ ቅጂ ማብዛት ነው። ይህ ይቅር። ዶክስም ሆነ በዋንድራይቭ ላይ ያለ ወርድ የቀድሞ ቅጂዎችን ራሱ ይይዛል። ዶክስ ላይ ፋይል ሜኑ ውስጥ "ቨርዥን ሂስትሪ" ገብታችሁ ለአሁኑ ቅጂ ስም መስጠት ይቻላል፤ "ለኃላፊ የተላከ" ብላችሁ ሰይሙት። ፋይሉ አንድ ይሆናል፣ ታሪኩ ግን ሙሉ ነው። ማን ምን እንደቀየረም በቀለም ያሳያል።

ድራይቭን ደግሞ እንደ ማኅደር የምታዩ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ትራሽ ውስጥ የገባ ፋይል ከ30 ቀን በኋላ ለዘለቄታው ይሰረዛል። በፊት እንደዚያ አልነበረም።

—

ጸሐፊዋ

ጋሼ፣ የቀኑ ነገር በጣም እውነት ነው። እኛ ጋ ሁሉም ሰው እንደፈለገው ስለሚሰይም አንድ ቃለ ጉባኤ ለማግኘት ሦስት ሰው መጠየቅ ነበረብን። አሁን የጋራ ፎልደሩ ላይ አንድ ሰነድ ከፍተን የስም አሰጣጡን ጻፍነው፣ ከላይ እንዲታይ ስሙን በዜሮ ጀመርነው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

—

ፈጣን_ጣት

ክሩን ከከፈተው ወንድሜ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። አቋራጭ ሁለት ሰከንድ ብቻ አይደለም የሚያድነው። እጅህ ማውስ ላይ ሄዶ ሲመለስ ሐሳብህም አብሮ ይቋረጣል። ዋናው ጉዳት እሱ ነው። የዝርዝሮቹ ችግር 50 መሆናቸው ነው እንጂ አቋራጭ መሆናቸው አይደለም።

ለመጀመር አንድ ብቻ ልመዱ። ዶክስም ሆነ ሺትስ ላይ ኦልት እና ወደ ፊት ያዘነበለችውን ሰረዝ (/) አብራችሁ ተጫኑ። የሜኑ መፈለጊያ ይከፈታል። የምትፈልጉትን ሥራ ስም መጻፍ ስትጀምሩ ያመጣላችኋል። ሜኑ በሜኑ መቆፈር ቀረ ማለት ነው። በኦልት ቦታ ኮንትሮል ካላችሁ ደግሞ የዚያ ገጽ አቋራጮች ሁሉ ይዘረዘራሉ። ስለዚህ ከሌላ ቦታ ዝርዝር ማውረድ አያስፈልግም። ማክ ላይ ያላችሁ በኮንትሮል ቦታ ኮማንድ፣ በኦልት ቦታ ኦፕሽን አድርጉት።

ሺትስና ኤክሴል ላይ ቀን ለምትመዘግቡ፣ ኮንትሮል እና ነጠላ ሰረዝ ከላይ ነጥብ ያለበት የእንግሊዝኛው ምልክት (;) የዛሬን ቀን ይጽፋል። ሺፍት ብትጨምሩበት ሰዓቱን። እዚህ ላይ አስተውሉ፦ "ቱዴይ" የሚባለውን ፎርሙላ ለመዝገብ አትጠቀሙበት። እሱ ነገ ስትከፍቱት የነገን ቀን ነው የሚያሳየው። ዕቃ የገባበት ቀን በየቀኑ የሚለዋወጥ መዝገብ ማንንም አያገለግልም። በአቋራጩ የተጻፈው ግን እንደተጻፈ ይኖራል።

—

መስኮት_ክፍት

ፈጣን_ጣት፣ ትክክል ነህ፣ ነጥብህን ተቀብያለሁ። የሜኑ መፈለጊያዋን አላውቃትም ነበር፣ አሁን ሞክሬ ወድጃታለሁ።

—

ቁልፍ_ያዥ

ስለ ፈቃድ መጠየቅ ከላይ ለተነሳው አንድ ልማድ አለኝ። ሊንክ ከመላኬ በፊት ራሴ በኢንኮግኒቶ መስኮት ከፍቼ አየዋለሁ። ኢንኮግኒቶ ውስጥ አካውንቴ ስለሌለ ሊንኩን እንደ ማንኛውም ሰው ነው የማየው። ከተከፈተ እልካለሁ። "ግባ" ወይም "ፈቃድ ጠይቅ" ካለኝ ማጋሪያውን አስተካክላለሁ። ዓርብ ማታ የተላከ ሊንክ እስከ ሰኞ ሳይከፈት የሚቀርበትን ነገር ይሄ አስቀርቶልኛል።

ይሄ ግን ለሁሉም ለተከፈተ ሊንክ ብቻ ነው የሚሠራው። የሰው ስም፣ ደመወዝ፣ የሕክምና ነገር ያለበት ሰነድ በኢንኮግኒቶ ከተከፈተ አደጋ ነው። እሱን በኢሜይል ስማቸውን ጠቅሳችሁ ለሚመለከታቸው ብቻ አጋሩ። ሦስቱን ደረጃም ለዩ፦ የሚያይ፣ አስተያየት የሚሰጥ፣ የሚያርም። እኔ ለአብዛኛው ሰው የምሰጠው መካከለኛውን ነው። አስተያየት ይጽፋል፣ እርማትም ይጠቁማል፣ ግን እኔ ካልተቀበልኩት ጽሑፉ አይለወጥም።

ሌላ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ፒዲኤፍ ለመቀየር፣ ለማዋሐድ፣ ለማሳነስ ተብለው የተከፈቱ ነጻ ድረ ገጾች ላይ የመሥሪያ ቤት ሰነድ የሚጭኑ ብዙ ሰዎች አያለሁ። እባካችሁ ተዉ። ዶክስም ወርድም ፋይሉን በፒዲኤፍ የማውረድ ምርጫ ራሳቸው ውስጥ አላቸው። ዶክስ ላይ ፋይል፣ ዳውንሎድ፣ ፒዲኤፍ ነው። ሌላ ሰው ጋ መሄድ አያስፈልግም።

—

ስም_ዝርዝር

የአማርኛ ስም በሺት የምትመዘግቡ ይህን አንብቡ፣ የትም ተጽፎ አላየሁትም።

የአባላት ዝርዝር ነው የምይዘው። "ድግግሞሽ አስወግድ" የሚለውን ስጫን የለም ይላል። ሰውዬው ግን ሁለት ቦታ አለ። አንዱ "ኃይሉ" ብሎ ጽፎታል፣ ሌላው "ሀይሉ"። ለእኛ አንድ ስም ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት። መደርደርም ላይ ያስቸግራል። በኮምፒውተሩ የፊደል ቅደም ተከተል ሀ መጀመሪያ ላይ ናት፣ ኀ ግን ከበ፣ ከተና ከቸ በኋላ ነው የምትመጣው። ስለዚህ አንዱ ዝርዝሩ አናት ላይ፣ ሌላው መሃል ላይ ይቀመጣል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ዋናውን ስም አልነካም፣ ሰው ስሙን እንደጻፈው መጠበቅ አለበት። አጠገቡ ረዳት ዓምድ እከፍትና አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ወደ አንዱ እመልሳለሁ፦

=ሪጌክስሪፕሌስ(ኤ2,"[ሃሐሓኀኃ]","ሀ")

በአራት ማዕዘን ቅንፉ ውስጥ ካሉት አንዱን ባገኘ ቁጥር ሀ ያደርገዋል። ሌሎቹንም ድምፆች በየተራ ጨምሩ፦ ሑ እና ኁ ወደ ሁ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ፣ ዓ እና ኣ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ እስከ ሳብዕ ድረስ። አንዴ ከጻፋችሁት በኋላ ለሁልጊዜ ነው። ከውጭ "ትሪም" የሚለውን ፎርሙላ አልብሱት፣ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉ ባዶ ቦታዎችንና በስም መካከል የተደገመ ክፍተትን ያጸዳል። ከዚያ ድግግሞሹን በረዳት ዓምዱ ፈልጉ። ኤክሴል ላይ "ሰብስቲትዩት" የሚለውን አንዱን በሌላው ውስጥ እያስገባችሁ ያንኑ ታደርጋላችሁ።

ዝርዝር በገጽ በገጽ በዓይን ማነጻጸር ከእኔ ላይ የወረደው በዚህ ነው።

—

መዝገብ_ቤት

ስም_ዝርዝር፣ ተባረክ። ይህ ለእኔ ቢሮ ቁም ነገር ነው። ፎርሙላውን ለልጆቹ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ዛሬውኑ ይሞክሩታል።

የተቃኘ የወረቀት ገጽ ወደ ጽሑፍ የሚቀየርበት መንገድስ ታውቃላችሁ?

—

ስም_ዝርዝር

አዎ ጋሼ። ምስሉን ወይም ፒዲኤፉን ድራይቭ ላይ ይጫኑት። በቀኙ የማውስ ቁልፍ ይጫኑበትና "ክፈት በ" የሚለው ውስጥ ጎግል ዶክስን ይምረጡ። ምስሉ ከላይ፣ የተነበበው ጽሑፍ ከሥሩ ሆኖ ይከፈታል። አማርኛም ያነባል። ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት ባይበልጥ፣ ገጹ ያልተጣመመና ብርሃኑ እኩል ቢሆን ጥሩ ነው። የታተመውን ደህና አድርጎ ያነባል፣ በእጅ የተጻፈውን ግን አይመኑት። ቁጥሮችን ሁልጊዜ ከዋናው ጋር ያመሳክሩ።

—

የቀን_ሰሌዳ

እስካሁን ስለ ኢሜይልና ስለ ስብሰባ ብዙ አልተነሳም።

ጂሜይል ቅንብር ውስጥ "አድቫንስድ" በሚለው ስር "ቴምፕሌት" አለ፣ ካላበራችሁት አይሠራም። ተደጋጋሚ መልሶችን አንዴ ጽፋችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ በሁለት ክሊክ ይገባሉ። እዚያው ቅንብር ውስጥ የተላከን መልእክት የመመለሻ ጊዜውን ከ5 ሰከንድ ወደ 30 አሳድጉት። አባሪ የረሳ ሰው ሁለተኛ "ይቅርታ አባሪው ይኸው" የሚል ኢሜይል ከመጻፍ ይድናል።

ጎግል ካሌንደር ላይ ደግሞ "ስፒዲ ሚቲንግስ" የሚል ምርጫ አለ። ስታበሩት የ30 ደቂቃ ስብሰባ 25፣ የአንድ ሰዓቱ 50 ደቂቃ ሆኖ ይያዛል። አውትሉክም ተመሳሳይ አለው። ቀኑን ሙሉ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ለሚሮጥ ሰው ያቺ ትንሽ ክፍተት ያሰበውን ለመጻፊያ ትሆነዋለች።

—

ከመስመር_ውጭ

ኢንተርኔት ለሚቆራረጥባችሁ አንድ ነገር ብቻ። ድራይቭ ቅንብር ውስጥ "ኦፍላይን" አለ። በክሮም ወይም በኤጅ ነው የሚሠራው፣ በኢንኮግኒቶ አይሆንም፣ መስመር እያለ ቀድሞ መብራት አለበት። የምትፈልጓቸውን ፋይሎችም አንድ በአንድ "ኦፍላይን ይገኝ" በሏቸው፣ በራሱ የሚይዘው በቅርብ የከፈታችኋቸውን ነው። መስመሩ ሲመለስ የጻፋችሁት ይገባል። በብሮውዘር የሚከፈተው ወርድ ግን ያለ መስመር አይሠራም። ለእሱ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነውን ወርድ መጠቀም ነው።

—

አዲስ_ገቢ

ሰንጠረዥ_ወዳጅ፣ ፎርሙላውን ኢ2 ላይ አስገባሁት። ግን ቀይ ስህተት አወጣ፣ "ውጤቱን ማስፋት አልተቻለም፣ ዳታ ላይ ይጽፋል" ዓይነት ነገር ይላል።

—

ሰንጠረዥ_ወዳጅ

ድሮ የጎተትካቸው ፎርሙላዎች ከሥር ስላሉ ነው። አንዱ ፎርሙላ ዓምዱን ሁሉ እንዲሞላ ከታቹ ያሉት ሴሎች ባዶ መሆን አለባቸው። ኢ3ን ምረጥ፣ ኮንትሮል+ሺፍት ይዘህ የታች ቀስቷን ተጫን፣ ከዚያ ዲሊት። መካከል ላይ ባዶ ሴል ካለ እዚያ ስለሚቆም እስከ መጨረሻው እስኪደርስ ቀስቷን ደጋግማት።

—

አዲስ_ገቢ

ሠራ! ሁሉንም ሞላው። ፎርሙ ላይ የሙከራ ምላሽም ልኬ ነበር፣ እሱም ተሰልቶ መጣ። አሁን የቀረኝ ምላሽ የሌለባቸው ባዶ ረድፎች ላይ 0 መጻፉ ነው።

—

ሰንጠረዥ_ወዳጅ

ሲ ባዶ ከሆነ ባዶ ተወው በለው፦

=ኤሬይፎርሙላ(ኢፍ(ሲ2:ሲ="","",ሲ2:ሲ*ዲ2:ዲ))

በነጠላ ሰረዙ (,) ስህተት ካወጣብህ የፋይሉ የአገር ቅንብር የተለየ ነው ማለት ነው፣ በ(;) ተካው። አንድ ቀን ረድፍ 2ን ብትሰርዘው ፎርሙላው አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ ያን ረድፍ ከዳታ ሜኑ ገብተህ "ፕሮቴክት" አድርገው።